ያልገጠመ ወገብ

የመጀመሪያ ልጄን እንደ ወለድኩ ወገቤ ተያዘና ከዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የገዛ ልጄን እንዳላዝል ተከለከልኩ። የከለከለኝ ክፉ ሰው አልነበረም። ሁሉም የከለከለኝ ሊያድነኝ ብሎ ነው። ዛሬ ያ ጊዜ ሲታወሰኝ በማን ላይ መናደድ እንዳለብኝ አላውቅም። እኔ ደግሞ የምናደድበት ሰው ሳጣ ይብሱን የምናደድ ሴት ነኝ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ሰቆጣ፣ ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር፣ ሁለት ክፍል ባላት የድንጋይ ቤት ነበር የምንኖረው። ባሌ ወፍጮ ቤት ይሠራል። ማታ ሲገባ እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ ስለሚመጣ፣ ልጃችን መጀመሪያ ያወቀችው ነጭ አባት ነው። አማቴ እኔን ሊያርሱ ከፃግብጂ በእግራቸው መጡ፤ ማርና ቅቤ በቅል ይዘው። አፋቸውን የፈቱት በኽምጣንጋ፣ በዋግ አገውኛ፣ ነው። አማርኛ ይችላሉ፤ ሲቆጡና ሲጸልዩ ግን ወደ ኽምጣንጋቸው ይመለሳሉ። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ኮረም ስለሆነ ከቁጣቸው ግማሹ ሳይገባኝ ያልፍ ነበር። ይህ ለሁለታችንም ደግ ሆኖልናል።

ነገሩ የተጀመረው ልጅቷ ክርስትና ከመነሣቷ በፊት ነው። መደብ ላይ ተኝታ አለቀሰች፤ አማቴ ደጅ ነበሩ። ጎንበስ ብዬ ሳነሣት ወገቤ ቀጭ አለ። ድምፁን በጆሮዬ ሰምቼው ይሁን በሰውነቴ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ልጄን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ጎብጬ ቀረሁ። ቀና ልበል ብል አልችል፤ ላስቀምጣት ብል አልችል። ላቤ ልጅቷ ፊት ላይ ይንጠባጠባል። አማቴ ገብተው ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ልጅቷን ከእጄ ተቀብለው እኔን በጎኔ አጋደሙኝ።

«ሳይገጥም!» አሉ ደረታቸውን እየመቱ። «ወገቧ ሳይገጥም ልጅ አነሣች! እኔን ድፍት ያድርገኝ! ምን ሊሆን ከቤት ወጣሁ!»

በእኛ አገር ሴት ስትወልድ ወገቧ ይከፈታል ይባላል። አጥንቱ ለልጁ መንገድ ይለቃል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይገጥማል። እስኪገጥም ድረስ በመቀነት ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ አራሷ ከመኝታዋ አትወርድም፤ ገንፎዋን በቅቤ እየበላች ትተኛለች። ይህን የወለደችውም ያልወለደችውም ታውቃለች። እኔም አውቅ ነበር። እንግዲህ የእኔ ወገብ ሳይገጥም ቀርቷል፤ ስለዚህ እስኪገጥም አራስ ሆኜ መቀጠል አለብኝ። የማንም ሐሳብ ቢሆን ከዚህ ወዲያ አልሄደም።

ታዋቂ ወጌሻ እዚያው ዋግ ውስጥ ካለው ዝቋላ በኩል ተጠርቶ መጣ። የተሰበረ ክንድ አቃንቶ ሲያድን በዓይኔ ስላየሁ ሰውዬው አታላይ ነው አልልም። ወገቤን ቅቤ ቀብቶ በአውራ ጣቱ አከርካሪዬን ከላይ ወደ ታች እየተጫነ ወረደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «እዚች ጋ ነው» ብሎ ሲጫነው ጮህኩ። ጩኸቴ እንደ ምስክር ተቆጠረ። ሌላ ሴት በዋግምት ደም አወጣችልኝ። በቃሬዛ ተሸክመው ጠበል አስጠመቁኝ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ኪኒን ሰጠኝና ሳንቃ ላይ እንድተኛ አዘዘ። አንዱ ሙቀት ይሻላል ይላል፤ አንዱ ቀዝቃዛ ነገር ይሻላል ይላል። አንዱ በጀርባ ተኚ፤ ሌላው በጀርባ መተኛት ነው የጎዳሽ። በአንድ ነገር ብቻ ሁሉም ተስማሙ፤ እንዳልነቃነቅ፣ ይልቁንም ልጅቷን እንዳላነሣ።

ልጅቷ ስትራብ አማቴ አምጥተው ጎኔ ያስጠጓታል፤ ስትጠግብ ያነሷታል። ከዚያ በአንቀልባቸው ያዝሏትና ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ከተኛሁበት ሆኜ የማየው የጭንቅላቷን ጀርባ ነበር፤ አማቴ ጎንበስ ቀና ባሉ ቁጥር እሱም ጎንበስ ቀና ይላል። ያንን ጭንቅላት ፊቷን ከማውቀው በላይ አወቅሁት።

ጠያቂ አይጠፋም። አንዷ ትገባና «ወፈርሽ እኮ» ትላለች፤ በዚያው ቀን ሁለተኛዋ «ምነው እንዲህ ከሳሽ» ትላለች። የሁለቱንም ቤት በሆዴ እረግማለሁ። ኋላ ሳየው ግን ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ፊቴ በቅቤው ሞልቷል፤ እግሬ ግን ሲያዩት የእኔ አይመስልም። የቀበሌ ሰውም ስብሰባ ለምን እንደቀረሁ ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ስብሰባ ላይ ግራ እጅን ጨብጦ እያነሡ «ይውደም!» ማለት ግዴታ ነው። እጄን ሳነሣ ወገቤን እንደሚይዘኝ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ተኝተሽ በልብሽ በዪ» ብሎኝ ሄደ። ባሌ ማታ ይህን ስነግረው ዱቄቱ ከላዩ እስኪረግፍ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ራሱ ወገቤን አመመኝ።

ልጅቷ መቀመጥ ቻለች። ከዚያ ዳኸች። አንድ ከሰዓት በኋላ ወለሉን እየዳኸች መጥታ መደቡን ተደግፋ ቆመችና ሁለት እጆቿን ወደ እኔ ዘረጋች። ሳላስበው ክንዴን ላኩ። አማቴ ከጓዳ ብቅ አሉ፤ «ተዪ! ተዪ ልጄ፣ በማርያም!» ብለው ብድግ አደረጓት። ልጅቷ ጀርባቸው ላይ ስትወጣ ወዲያው ዝም አለች። በአማቴ ተናደድኩ እንዳልል በእንባ ነው የለመኑኝ። በልጄ ተናደድኩ እንዳልል ምን አጠፋች። ዝም በማለቷ ግን ልቤ ተሰበረ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

ጎረቤታችን የሱቅ ባለቤት ሚስት ናት፤ ሙስሊም ናት፤ ብዙ ወልዳለች፤ አፏ እንደ እኔ ነው። እሷ ብቻ ነበረች የምትከራከረው። «እኔ እኮ ከወለድኩ በሳምንቴ ሱቅ ቆሜ ጨው እሸጥ ነበር፤ ወላሂ!» ትላለች። አማቴ «የአንቺ ወገብ ሌላ ነው» ይሏታል። ያን ቀን ሳለቅስ ያገኘችኝ እሷ ናት። የጭነት መኪና የሚነዳ ወንድሟ ደሴ ሆስፒታል ውስጥ ከጦር ሜዳ የመጡ ቁስለኞችን በእግራቸው የሚያቆም ሰው እንዳየ ነገረችኝ። መድኃኒት አይሰጥም አለች፤ ዝም ብሎ ያንቀሳቅሳል።

«እኔ ቁስለኛ አይደለሁ» አልኳት።

«ወታደሩን ያለ እግሩ ያስኬደ፣ አንቺን በሁለት እግርሽ ያቅተዋል?»

ባሌ የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ አወጣልኝ። ለወፍጮው ሌላ ሰው ስላልነበረ እሱ ቀረ። አማቴ ልጅቷን አዝለው አብረውኝ ወጡ፤ እኔን ሊያስታምሙ ይሁን ሊጠብቁኝ አላወቅሁም። ሰቆጣ መኪና የሚገባውም የሚወጣውም በበጋ ነው፤ መንገዱም መንገድ አይባልም። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠን። መኪናው በዘለለ ቁጥር አማቴ መዳፋቸውን ወገቤ ላይ ይጫናሉ፤ እንዳይከፈት። ኮረም ዘመዶቼ ቤት አድረን፣ በቆቦ በወልዲያ አድርገን ደሴ ገባን። የጎረቤታችን እኅት እዚያ ትኖር ነበርና ተቀበለችን።

ክፍሉ ትልቅ አዳራሽ ነው። መሬቱ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ግድግዳው ላይ እንደ መሰላል ያለ እንጨት ተገትሯል፤ መሃል ላይ ሁለት አግዳሚ ብረት አለ፤ በእሱ መካከል ወታደሮች በክንዳቸው እየተንጠለጠሉ መራመድ ይማራሉ። ከሴት እኔ ብቻ ነኝ። የተሳሳተ ክፍል የገባሁ መስሎኝ ልመለስ ስል አንድ እግሩ ከጉልበቱ በላይ የተቆረጠ ልጅ እግር ወታደር «እህቴ፣ አንቺን ደግሞ የት መታሽ?» አለኝ። «ቤት ውስጥ» አልኩት።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ወጣት ነው፤ ነጭ ጋዎን ለብሷል፤ ፊቱ የተኮሳተረ ነው፤ እጁ ግን ቀስ ያለ ነው። ሥራው ምን እንደሆነ ብጠይቀው «ሰውነት የረሳውን ማስታወስ ነው» አለኝ። አላብራራም። አጎነበሰኝ፣ አቃናኝ፣ አስተኝቶ እግሬን አንድ በአንድ አነሣ፤ እግሬ ይደነዝዝ እንደሆነ፣ ሽንቴን እቆጣጠር እንደሆነ ጠየቀኝ። አማቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩ። በጣቱ ወጌሻው የቆመባት ቦታ ላይ ሲደርስ እዚያም ጮህኩ። እሱ ግን በጩኸቴ አልተደነቀም።

«አጥንትሽ ደህና ነው» አለ። «የተከፈተም የተሰበረም የለም።»

ደሜ ፈላ። «እና ውሸቴን ነው የሚሉኝ? ይህን ሁሉ ጊዜ በውሸት ነው የተኛሁት?»

«ሕመሙ እውነት ነው። ስብራት ነው የሌለው» አለ። «ረጅም መንገድ ሄደሽ በማግሥቱ ጭንሽ ሲያምሽ ተሰበርኩ ትያለሽ? መጀመሪያ ያን ቀን ጡንቻሽ ተኮማትሮ ያዘሽ። እሱ በጥቂት ጊዜ የሚለቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ የጎዳሽ መተኛቱ ነው። ጡንቻሽ ሟሟ፤ አሁን ትንሽ ስትነኪው ይፈራል።»

ጡንቻ ይፈራል? የምፈራው እኔ መሰለኝ እኮ። ያመመኝ ሁሉ የተጎዳ ነው ብዬ ኖሬያለሁ፤ እሳት ቢነካኝ ያመኛል፣ ቆዳዬም ይቃጠላል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። ይህ ሰው ለያያቸው። ግራ ገባኝ፤ ግራ መጋባቴንም ለማን እንደምነግር አላወቅሁም።

እዚያው አጠገቤ ያ እግሩ የተቆረጠው ወታደር ተቀምጦ፣ በሌለው እግሩ በኩል ያለውን አየር እንደማሻሸት ሲል አየሁት። ምን ሆነህ ነው ብዬ ብጠይቀው «ውስጥ እግሬን ያመኛል» አለኝ።

«በየትኛው እግርህ?»

«በዚያ ሜዳ ላይ በቀረው።» ፈገግ አለ፤ ግን ቀልዱን አልነበረም። ግንባሩ ላይ ላብ ነበረበት። ባለሙያው መጥቶ የቀረውን ጭኑን ያሽለት ጀመር፤ እንደ ዕብድም አላየውም።

ያን ቀን ማታ እራት አልበላ አለኝ። የሌለ እግር የሚያም ከሆነ፣ ያልተሰበረ ወገብ ቢያም ምን ይገርማል? ይህን ሳስብ ትንሽ የገባኝ ይመስለኛል፤ ደግሞ ጠዋት ስነሣ ወገቤ ሲይዘኝ የገባኝ ሁሉ ይጠፋል። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬም ሙሉ ለሙሉ አልገባኝም። ልጁ የት እንደ ደረሰ ባውቅ እሱን እጠይቀው ነበር።

እንቅስቃሴዎቹ ሲያዩአቸው የሕፃን ጨዋታ ናቸው። በጀርባ ተጋድሞ ጉልበትን ማጠፍ፤ ሆድን ወደ ውስጥ ስቦ ወገብን ምንጣፉ ላይ ማስጠጋት፤ ቂጥን ከመሬት ማንሳትና ቀስ ብሎ ማውረድ፤ ጉልበትን ወደ ደረት ማቀፍ፤ በእጅና በጉልበት ቆሞ እንደ ድመት መለመጥ። ከመኝታ ሲነሡ ቀጥ ብሎ መነሣት የለም፤ መጀመሪያ በጎን መዞር፣ እግርን ከመደብ ማውረድ፣ ከዚያ በክንድ መደቡን ገፍቶ መቀመጥ። ከሁሉም በላይ መራመድ። አንዲት የዋግ ሴት በወንዶች መካከል መሬት ተጋድማ ቂጧን ስታነሣ አስቡት። አማቴ ነጠላቸውን ዘርግተው እንደ መጋረጃ ይዘው ቆሙ፤ ልጅቷ ጀርባቸው ላይ ሆና በትከሻቸው ላይ አሻግራ ታየኛለች። ወታደሮቹ ጨዋዎች ነበሩ፤ ወደ ግድግዳ ዞሩ።

«እናቴ፣ ነጠላውን ይተዉት፤ አየር ይግባት» ይላቸዋል ባለሙያው።

«አንተ ሥራህን ሥራ» ይሉታል።

ቀን በቀን ቀለል አለኝ። ይብሱን የባሰብኝ ቀንም ነበር። «እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል» አለኝ፤ «ሲብስብሽ ቀንሺ እንጂ አታቁሚ።» በመጨረሻው ሳምንት አሸዋ የተሞላ ከረጢት አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠ። በጉልበቴ ሸብረክ ብዬ፣ ወደ ደረቴ አስጠግቼ፣ በእግሬ ጉልበት እንድነሣ አሳየኝ። አነሣሁት። ምንም ቀጭ ያለ ነገር የለም። አስቀመጥኩት፤ ደግሜ አነሣሁት፤ እንደ ሞኝ እየሳቅሁ ከረጢቱን አቅፌ ቆምኩ።

«እንግዲህ ልጅቷን» አለ።

አማቴ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። የአንቀልባቸውን ማሰሪያ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «አልሰጥም» አሉ።

«እናቴ፣ ልጅ በጀርባ መታዘሉ እኮ ለወገቧ ጥሩ ነው፤ ሸክሙ ወደ ሰውነቷ ተጠግቶ ነው የሚቀመጠው። እያደር እሱ ራሱ ያጠነክራታል።»

አማቴ በኽምጣንጋ ብዙ ነገር ተናገሩ። አንዱም አልገባኝም፤ ድምፃቸው ግን የቁጣ አልነበረም። ባለሙያው አልታገላቸውም፤ «ቤታችሁ ስትደርሱ» ብሎ ከረጢቱን ወደ ቦታው መለሰው። እኔ መሃል ቆሜ ነበር። ያቺ ቀን ልጄን የምቀበልባት ቀን ናት ብዬ ነበር።

አማቴ የተናገሩትን በአማርኛ የነገሩኝ ማታ ያረፍንበት ቤት ተቀምጠን ነው። ፃግብጂ ታላቅ እኅት ነበረቻቸው። በአዝመራ ጊዜ ወለደች፤ ሰው አልነበረምና ሳትጠነክር ተነሥታ ነዶ ተሸከመች። ደም ፈሰሳት፤ ልጇን ሳታጠባው ሞተች። ሕፃኑን አዝለው ያሳደጉት አማቴ ናቸው፤ ያኔ ራሳቸው ገና ልጅ ነበሩ። «ሰውዬው የሚለው ለእሱ አገር ይሆናል» አሉ። «እኔ ያየሁትን እኔ አይቻለሁ።»

ምን ልበል? የእሳቸው እኅት የሞተችው በደም ነው፤ የእኔ የወገብ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እኔ ምን አውቄ? ከዚያ ማታ በኋላ አማቴን እንደ ልቤ መቆጣትም ቀረብኝ።

ሰቆጣ ስንመለስ ቤታችን ሁለት ሐኪም ያለበት ቤት ሆነ። ጠዋት አማቴ መቀነቴን ጥብቅ አድርገው ያስሩልኛል፤ ወደ ጓዳ ሲገቡ አላላዋለሁ። እንቅስቃሴዬን ስጀምር በሩን ይዘጋሉ፤ ሰው ከመጣ «ተኝታለች» ይላሉ፤ እኔ ያን ጊዜ ቂጤን አንሥቻለሁ። ጎረቤቴ በበሩ ቀዳዳ «ወታደሩ፣ ወደፊት!» እያለች ታስቀኛለች። ከእሷ ጋር እስከ ገበያው ጫፍ፣ ኋላም እስከ ወንዙ መራመድ ጀመርኩ። አንድ ቀን በደህና ሄጄ በደህና እመለሳለሁ፤ በማግሥቱ ምንም ሳልሠራ እንደ በፊቱ ይይዘኛል። ያን ጊዜ አማቴ «አላልኩሽም?» አይሉም። ዝም ብለው ገንፎ ያመጡልኛል። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ተኝቼ ጣሪያውን እያየሁ የወጌሻውን አውራ ጣት፣ የባለሙያውን ቃል፣ የሞተችውን ሴት፣ ሁሉንም አንድ ላይ አስባለሁ፤ ማንን እንደማምን አላውቅም። በኋላ ተነሥቼ ጥቂቷን እሠራለሁ። ያመንኩ ስለሆነ አይደለም፤ መተኛት ሰልችቶኝ ነው።

ባሌን ልጅቷን ስጠኝ ልበለው? እሱ እናቱን ያያል፤ እኔን ያያል፤ ከዚያ ወፍጮውን ያስታውሳል።

እንዲህ እያልን ልጅቷ ቆማ ዳዴ ማለት ጀመረች። ጉልበቴ ተመልሷል፤ ውኃም እቀዳለሁ፤ ልጄን ግን ተቀምጬ ከማቀፍ በቀር አዝዬ አላውቅም። እሷም እንቅልፏ ሲመጣ የምትሄደው ወደ አያቷ ጀርባ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ ቁጭ ስልላት ጨዋታ እየመሰላት ትከሻዬን መታ አድርጋ ትሄዳለች። ጥቂት ጊዜ ከቆየች መታዘል የማያስፈልጋት ልጅ ትሆናለች። የሚያስፈራኝ ይህ ነበር፤ ከወገቤ ይልቅ።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት አማቴ ልጅቷን ከጀርባቸው ሊያወርዱ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ያን አቋቋም አውቀዋለሁ። ሮጬ ልጅቷን ከታች ተቀበልኩ፤ እሳቸውንም በጎናቸው አጋደምኳቸው፤ በዚያችው በእኔ መደብ ላይ። መቀነታቸውን እንዳጠብቅላቸው ጠየቁኝ። አጠበቅሁላቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ይነሡ፣ ይራመዱ ልበል? ትልቅ ሰው ናቸው። የሚሞቅ ነገር አድርጌላቸው አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ ልጅቷ እንቅልፏ መጣ። መደቡ ሥር ሄዳ እጆቿን ወደ አያቷ ዘረጋች፤ ልክ ያን ጊዜ ወደ እኔ እንደ ዘረጋችው። አማቴ ክንዳቸውን ላኩና ፊታቸው ተጨማደደ። ልጅቷ ለቅሶዋን ለቀቀችው። አቀፍኳት፤ ትገፋኛለች። አንቀልባውን አመጣሁ፤ ሸብረክ ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት፤ ትሸሻለች። ይዤ በአንድ እጄ ላወጣት ስታገል ተለጥጣ ትወርዳለች። ልጅ ማዘል እኮ ልምድ ይፈልጋል፤ እኔ እናት ሆኜ አልተማርኩትም። በመጨረሻ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እኔም አለቀስኩ። ሁለታችን እንጮሃለን።

አማቴ በኽምጣንጋ አንድ ነገር ተናገሩ። ዞር ስል ወደ ጎናቸው ተገልብጠዋል። እግራቸውን ከመደቡ አወረዱ። በክንዳቸው መደቡን ገፍተው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ልክ ምንጣፉ ላይ እንደተማርኩት ነው፤ አንዲት ነገር አልተሳሳቱም። ለካ ነጠላውን ዘርግተው ቆመው ሁሉን ያዩ ነበር።

«እማማ፣ ተዉ ይቅርብዎ» አልኳቸው። እኔ ነኝ እንግዲህ ይህን የምለው።

አልሰሙኝም። ግድግዳውን ይዘው ቆሙ፤ በጉልበታቸው ሸብረክ አሉ፤ ልጅቷን ደረታቸው ላይ አስጠግተው አነሡና ጀርባዬ ላይ አስቀመጧት። አንቀልባውን ከላይዋ አድርገው ማሰሪያውን በብብቴ ሥር አሳለፉ፤ ደረቴ ላይ አምጥተው ቋጠሩት። ልጅቷ አያቷ አጠገብ በመሆናቸው ይሁን በድካም፣ ዝም አለች።

«ተነሺ እስቲ» አሉኝ።

ተነሣሁ። ከወገቤ በታች የሆነ ነገር ወጋኝ፤ ያቺው የማውቃት ቦታ። የሚጎዳ ሕመም ነው ወይስ የሚያም ብቻ? ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አላወቅሁም።

«አመመሽ?»

«አመመኝ።»

«እኔንም» አሉ። «በይ ሂጂ፤ ካልተራመድሽ አትተኛም።»

ቤቷን ዞርኳት፤ ከዚያ በሩን ከፍቼ ወደ ግቢው ወጣሁ። ተኝቼ ስመለከተው የኖርኩት የጭንቅላቷ ጀርባ ከእንግዲህ አይታየኝም። ጉንጯን ግን ትከሻዬ መሃል ጥላው ነበር፤ ትንፋሿ በልብሴ አልፎ ይሞቀኛል። ቀስ እያለ ትንፋሹ ረዘመ፤ ተኛች። መቀመጥ እችል ነበር፤ አልተቀመጥኩም። አማቴ ግድግዳውን እየያዙ ከኋላዬ ይከተሉኝ ነበር።